በጆሮ ውስጥ የተተከለ መሣሪያና የመግነጢስ ምስል ማንሻ፤ ከስሜን አገር ሲታይ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ጠባብ የሚመስል ነገር ነው። ይኸውም በጆሮው ውስጥ ወይም ከጆሮው በስተኋላ ለመስሚያ የሚረዳ መሣሪያ የተተከለለት ሰው፣ ኤም አር አይ ወደሚባለው የመግነጢስ ምስል ማንሻ ሲገባ የሚያገኘው አደጋ ከየት እንደ መጣ፤ አደጋውስ በምን መንገድ እየተቃለለ እንደ ሄደ ለመግለጽ ነው። ነገሩን የምንመለከተው ከስሜን አገር ሆነን ነው። ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ፣ በመሸሃ ሸለቆ ከፍታዋ 3,200 ሜትር ያህል የሆነች አምቢኮ የምትባል መንደር አለች፤ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚሄዱ መንገደኞች የሚያድሩባት ናት። ይህችን መንደር የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው። ስለ መሣሪያዎቹ የተጻፈው ደንብ ሁሉ ሕሙሙና የሕክምናው መዝገብ በአንድ ከተማ ይኖራሉ ብሎ የሚነሣ ነው። ከአምቢኮ የሚነሣ ሕሙም ግን ከመዝገቡ የሚለየው ተራራ ነው።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፣ በአገራችን የተደረገውን በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ በውጭ አገር የተደረገውን በአውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

በሰው ሥጋ ውስጥ ብረት መኖሩ ለስሜን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን መጨረሻ ከደባርቅ በላይ ባለው በወልቀፊት አፋፍ ሰፍሮ የነበረው የኢጣልያ ጦር፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ብዙ ወራት ከቈየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ራሷ በኅዳር ተያዘች። ከእንደዚህ ያለ ጦርነት የሚተርፍ ሰው ፍንጣሪውን በሥጋው ይዞ ወደ እርሻው ይመለሳል። ቍስሉ ከሻረ በኋላ ፍንጣሪው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ብርድ ሲሆን ይቈረጥመዋል እንጂ ሌላ አያደርገውም። በቅርቡም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ፍንጣሪ የያዘ ቍስለኛም ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ጨምሯል። ፍንዳታ ደግሞ የጆሮን ታምቡር ይበሳል። ስለዚህ የመስማት ችግርና በሥጋ የተቀበረ ብረት በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በአንድ ወቅት ምንም የማይጎዳው ይህ ዝምተኛ ብረት አደገኛ የሆነው፣ ሐኪሞች ሰውን በብርቱ መግነጢስ ውስጥ ማስተኛት ከጀመሩ ወዲህ ነው።

ስለ መግነጢስ ከተነሣ ዘንድ የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። የምድር የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በኢትዮጵያ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ይህን ለመለካት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራውን የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዊን ነበሩ። ጣቢያው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። የምድር መግነጢስ የሚለካበት ቤት በየትም አገር ቢሆን አንድ የታወቀ ሥርዓት አለው፤ ግንቡና ጣሪያው ያለ ብረት ይሠራል፤ የሚገባውም ሰው ቍልፉንና ሰንጢውን ከደጅ ያኖራል። በዚያ ቤት ውስጥ ብረት የሚጎዳው ልኩን ብቻ ነው። በአገራችን የምድር መግነጢስ ኃይል 0.000036 ቴስላ ገደማ ስለ ሆነ ትንሽ ብረት እንኳ ያዛባዋል። በሆስፒታል ያለው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ይህም ማለት ሕሙሙ የሚተኛበት መግነጢስ በደጁ ከሚያውቀው ከ40,000 እጥፍ በላይ ይበረታል ማለት ነው። ደንቡ ያው ነው፤ ብረትህን ከደጅ አኑር። ችግሩ ከደጅ ሊያኖረው የማይችለው ብረት ያለው ሰው ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ጆሮው እንመለስ።

ድምፅ የጆሮን ታምቡር ሲመታ መንቀጥቀጡ በሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተላልፎ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል። የአጥንቶቹ ስም በቅርጻቸው ነው፤ መዶሻ፣ መስፍ፣ እርካብ ይባላሉ። አንጥረኛና ፈረሰኛ ባለበት አገር ስሞቹን ማስረዳት አያሻም። እርካብ የተባለችው ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትሆን፣ በሰው አካል ካሉት አጥንቶች ሁሉ ታናሿ ናት። በአንዳንድ ሰው ላይ በዙሪያዋ ሌላ አጥንት እያደገ ይይዛትና መነቃነቅ ያቅታታል፤ ሰውየውም ቀስ በቀስ ይደነቍራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሮዘን የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም አንድ ሕሙም ሲመረምር ሳያስበው እርካቧን ነቀነቃትና በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሕሙሙ መስማት ጀመረ። (ይህ ሐኪም ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ በሱዳን ወደሚኖሩት ማባን ወደሚባሉት ሕዝብ መጥቶ፣ ጸጥ ባለ አገር የሚኖሩ ሽማግሌዎች ምን ያህል በጥራት እንደሚሰሙ መርምሯል። ወሰኑን ጥቂት ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ በታሪካችን ውስጥ ይገባልን ነበር።) ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1956 ጆን ሺ የተባለ የሜምፊስ ከተማ ሐኪም የታሰረችውን እርካብ አውጥቶ ከቴፍሎን የተሠራች ምትክ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ከሽቦ፣ ከፕላቲነም፣ ከማይዝግ ብረት፣ ከቲታኒየም የተሠሩ ጥቃቅን ምትኮች በብዙ ሰው ጆሮ ገብተዋል። በዚያ ዘመን ስለ መግነጢስ ማንም አልጠየቀም። የሚጠየቅበትም ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የባሰ ደንቆሮነት ላለው ሰው የተከፈተው ነው። ውስጠኛው ጆሮ ራሱ ከተበላሸ አጥንቶቹን ማደስ ምንም አይረባም። በአገራችን ለዚህ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ማጅራት ገትር ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ላይ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ በተዘረጋው የዚህ በሽታ ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1981ና በ1989 እንደ ሆነው ዓይነት ትልልቅ ወረርሽኞች ደርሰውባታል። ልጁ ከሞት ይተርፋል፤ ጆሮው ግን አይመለስም። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1957 አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪየስ የተባሉ ፈረንሳውያን በፓሪስ የአንድ ፍጹም ደንቆሮ ሰው የመስሚያ ጅማት በኤሌክትሪክ በቀጥታ ቢነኩ ሰውየው ድምፅ ሰማ። ይህ የሆነው የእኛ የመግነጢስ ጣቢያ ሥራ ሊጀምር አንድ ዓመት ሳይሞላው ቀርቶት ነበር። በ1961 ዊልያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ ተከተለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የ1977 ዓመት ለታሪካችን ዋና መጋጠሚያ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበታለን። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ሬይመንድ ዳማዲያን ከረዳቶቹ ጋራ በኒው ዮርክ የሰውን ደረት በመግነጢስ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥሎ አወጣ፤ አንዱን ምስል ለማግኘት አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። የዘዴው መሠረት ፖል ላውተርበር በ1973 ያሳተመው ሥራ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ አሰፋው፤ የ2003 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለእነዚህ ለሁለቱ ነው፤ ዳማዲያንን ሳይጨምሩ መቅረታቸው ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በዚያው በ1977 በታኅሣሥ ወር ኢንገቦርግና ኤርዊን ሆኽማይር የተባሉ ባልና ሚስት መሐንዲሶች የሠሩት ብዙ መስመር ያለው የመስሚያ መሣሪያ በቪየና በሰው ጆሮ ውስጥ ተተከለ። በዚያው ዓመት ደግሞ በስዊድን አገር በዮተቦሪ ከተማ ድምፅን በራስ ቅል አጥንት በኩል የሚያስተላልፍ የመስሚያ መርጃ በቲታኒየም ብሎን በሕሙማን አጥንት ላይ ተሰካ። በሚከተለው ዓመት ግሬም ክላርክ በሜልቦርን የራሱን መሣሪያ ተከለ። እንግዲህ መግነጢሱም ብረቱም በአንድ ዓመት፣ በተለያየ አገር፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያስብ ወጡ። የጆሮ ሐኪሙ በራጅ ክፍል ምን እየተሠራ እንደ ሆነ፣ የምስሉም ባለሙያ በጆሮ ክፍል ምን እየተተከለ እንደ ሆነ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። በሐሳባችን አደጋው የተወለደው ከማናቸውም መሣሪያ ጉድለት ይልቅ ከዚህ መለያየት ነው።

በውስጠኛው ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ ኮክሌር ኢምፕላንት ይባላል። አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። በደጅ በኩል ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ማይክሮፎንና የድምፅ መተርጐሚያ አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ክብ ሽቦ በራስ ቆዳ ላይ ያርፋል። በውስጥ በኩል ከቆዳው ሥር የተቀበረ መቀበያ አለ፤ ከእርሱም ቀጭን ጅማት መሳይ ሽቦ ወጥቶ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ውስጠኛ ጆሮ ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባል። የደጁ ክብ ከውስጡ መቀበያ በትክክል ካልገጠመ ድምፅ አይተላለፍም። መጀመሪያ በመነጽር ዘንግና በራስ ማሰሪያ ይያዝ ነበር፤ ይህም ይላወስ ስለ ነበረ አስቸገረ። በ1980ዎቹ ውስጥ ግን መፍትሔ ተገኘ፤ አንድ ትንሽ ማግኔት ከደጅ፣ ሌላ ትንሽ ማግኔት ከቆዳ ሥር ሆነው ቆዳውን መካከል አድርገው እንዲሳሳቡ ተደረገ። በጣም የሚያምር ብልኀት ነው። ለሕሙሙም ምቾት ሰጠው። በዚያው ዘመን ኤም አር አይ በትልልቅ ሆስፒታሎች በየጊዜው እየገባ ነበር። እንዲህ ሆኖ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማግኔት በራሳቸው ውስጥ ይዘው፣ ራስን ለመመርመር ከሁሉ የተሻለ ወደ ሆነው መሣሪያ ፊት ቀረቡ።

መሣሪያው በሥጋ ላይ የሚሠራው በሦስት ዓይነት ኃይል ነው። አንደኛው ዘወትር የማይለዋወጠው ብርቱ መግነጢስ ነው፤ ይህ የተቀበረውን ማግኔት ይስባል፣ ያጣምመዋልም። ሁለተኛው ምስሉን ለመሥራት ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው መግነጢስ ነው፤ በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ መዶሻ የሚመስለውም ታላቅ ጩኸት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሦስተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ረዥም ሽቦ ካገኘ ያሞቃል። ለኮክሌር ሕሙም ብዙውን ጊዜ የታየው ጉዳት በመጀመሪያው የሚመጣው ነው፤ ማግኔቱ ከማረፊያው ይገለበጣል፤ ቆዳው ያብጣል፤ ብርቱ ሕመም ይሰማል። ወይም ምንም ሳይሰማው የማግኔቱ ኃይል ይደክማል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ የደጁ ክብ አልጣበቅ ይለዋል። ለከተማ ሰው ይህ የአንድ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው። ለአምቢኮ ሰው ግን ማግኔቱን ለማስለወጥ አገር አቋርጦ እስኪሄድ ድረስ እንደ ገና ደንቆሮ መሆን ነው። ምስሉም ቢሆን አይጠራም፤ ማግኔቱ በዙሪያው ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጥቁር ጥላ ስለሚጥል ሊታይ የተፈለገው የአንጎል ክፍል ይሸፈናል።

ስለ ጥቃቅኖቹ የእርካብ ምትኮች የምንናገረው የተለየ ነው። ብረት ሁሉ በመግነጢስ አይሳብም። ቴፍሎንና ፕላቲነም ቲታኒየምም አይነኩም፤ ከማይዝጉት ብረቶችም ለሕክምና የሚመረጡት ዓይነቶች ከሞላ ጐደል አይሳቡም። ነገር ግን በ1987 ከተሠሩ ምትኮች መካከል ጥቂት ዙሮች በሌላ ዓይነት የማይዝግ ብረት ተሠርተው በመግነጢስ የሚሳቡ ሆነው ተገኙ። ዕቃው ከገበያ እንዲመለስ ተደረገ። የተተከለላቸውም ሰዎች ወደ ኤም አር አይ እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ ካርድ ተሰጣቸው። ይህች ካርድ ከማሽኑና ከማግኔቱ ይልቅ በሐሳባችን የምትቀረው ናት። በጆሮ ውስጥ ያለውን 3 ሚሊ ሜትር ብረት ምንም ዓይን አያየውም፤ ሕሙሙም ራሱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት እንደ ሆነ አያስታውስም። ሰውየውን የሚጠብቀው የወረቀቱ መኖር ብቻ ሆነ።

ወረቀት ሲጠፋ ወይም ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ታየ። በጆሮ ላይ አልነበረም፤ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተቈለፈ ትንሽ የብረት መቈንጠጫ ያላት ሕሙም የማይሳብ ዓይነት ነው ተብሎ ወደ መሣሪያው ስትገባ መቈንጠጫው ዞረ፤ ሕሙሟም ሞተች። በ2001 ደግሞ በኒው ዮርክ አጠገብ በአንድ ሆስፒታል በምርመራ ላይ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክሲጅን ሲሊንደር በመግነጢሱ ተስቦ ራሱን መትቶት ሞተ። ከዚህ በኋላ በሚከተለው ዓመት የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ክፍሎቹ በአራት ቀጠና እንዲከፈሉና ማንም ሳይጠየቅ ወደ ውስጠኛው እንዳይገባ የሚያዝ መመሪያ አወጣ። በ2005ም ዕቃዎች ሁሉ በሦስት ምልክት እንዲለዩ ተደረገ፤ አደጋ የሌለው፣ በተወሰነ ሁኔታ የተፈቀደ፣ የተከለከለ ተብለው። አብዛኛው የመስሚያ ተከላ የሚገኘው በመካከለኛው ሥር ነው። ስሙ ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁኔታው በትክክል ካልታወቀ ከተከለከለው አይለይም።

ሐኪሞች መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጠቅላላ ክልከላ ነበር። ቀላል ነው፤ ሐኪሙንም ከኃላፊነት ያድናል። የሚጎዳው ግን ምስሉ የሚያስፈልገው ሕሙም ነው። በዘር በሚወርድ በሽታ በሁለቱም የመስሚያ ጅማቶቻቸው ላይ ዕጢ የሚያበቅሉ ሰዎች አሉ፤ ለእነዚህ ከ1979 ጀምሮ ከጅማቱ አልፎ በአንጎል ግንድ ላይ የሚቀመጥ የመስሚያ መሣሪያ ተሠርቶላቸዋል። ዕጢው እንደ ገና ማደጉን ለማወቅ ግን በየጊዜው በኤም አር አይ መታየት አለባቸው። የሚሰሙበት ነገር ከሚመረመሩበት ነገር ጋራ ተጣላባቸው። በዚህ ጠብ ምክንያት መሐንዲሶች ሥራ ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማግኔቱ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከምርመራው በኋላ የሚመለስባቸው መሣሪያዎች ወጡ። ቀጥሎም ማግኔቱን ሳያወጡ ራስን በጠባብ ፋሻ አጥብቆ አስሮ እስከ 1.5 ቴስላ መግባት ለአንዳንድ ዓይነቶች ተፈቀደ፤ ይህም ቢሆን ሕመምንና መገልበጥን ፈጽሞ አላስቀረም። በ2014 በአውሮፓ የወጣው አዲስ ዓይነት ግን ማግኔቱ በማረፊያው ውስጥ እንደ ኮምፓስ መርፌ ዞሮ ከመሣሪያው መግነጢስ ጋራ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጎ ሠራው፤ እስከ 3 ቴስላ ድረስም ያለ ቀዶ ሕክምና እንዲገባ ተፈቀደለት። ሌሎቹም አምራቾች በ2018ና በ2019 የዚህን ዓይነት አወጡ። ከሥራው ሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ነው፤ ኃይሉን ከመቃወም ይልቅ አብሮት መዞርን መረጠ።

ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ የቀድሞውን አያጠፋውም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተተከሉት ብዙዎቹ ማግኔታቸው የማይወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ በሰው ራስ ውስጥ ይሠራሉ። ሁለት ሰዎች ከጆሯቸው ጀርባ ያንኑ ዓይነት ጠባሳ ይዘው ቢመጡ፣ አንደኛው ወዲያው ሊገባ ሲችል ሁለተኛው በምንም መንገድ የማይገባ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው የሞዴሉ ቍጥር ነው።

በአገራችን ይህ ነገር የሚከብድበት ምክንያት መሣሪያው የሚተከልበትና ሰውየው የሚኖርበት ስፍራ መራራቁ ነው። በልጅነቱ በውጭ አገር ተሠርቶለት የተመለሰ፣ በውጭ የሚኖር ዘመዱ ወስዶ ያሳከመው፣ በአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ትውልድ አገሩ የገባ ሰው ካርዱ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። ቤተ ሰቡ ማንበብ ካልቻለ ካርዱ ከሌላ ወረቀት አይለይም። ቤት ሲፈርስ፣ ሰው ሲሰደድ፣ ጦርነት ሲመጣ ካርዱ ከሁሉ በፊት ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ራሱን ያመውና ከደባርቅ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ምስል ወዳለበት ይላካል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። በመሣሪያው በር ላይ የሚጠብቀው ሠራተኛ ደግሞ እንደ ልማዱ «ብረት ነገር በኪስህ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በኪሱ የለም። እውነቱን ነው የመለሰው።

ሁለት ነገር ደግሞ ልንጨምር ይገባል፤ ሁለቱም በሥራ ላይ የሚታዩ ናቸው። አንደኛው፣ ኮክሌር ያለው ሰው የደጁን ክፍል አውልቆ መግባት ግዴታው ነው፤ የደጁ መሣሪያ በማናቸውም ሁኔታ ወደ ክፍሉ አይገባም። ባወለቀ ጊዜ ግን ፈጽሞ አይሰማም። ስለዚህ በዋሻው ውስጥ ተኝቶ በድምፅ ማጉያው የሚነገረውን «አትንቀሳቀስ»፣ «ያምሃል ወይ?» የሚለውን አያውቅም። ሕመም ሲጀምረው የሚጨብጠው የጎማ ኳስ በእጁ ከመግባቱ በፊት ሊሰጠውና ምልክቱን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ በእግሩ አጠገብ የሚያየውን አንድ ሰው ማቆምም መልካም ነው፤ ያ ሰውም አስቀድሞ ተጠይቆና ተፈትሾ የገባ መሆን አለበት። መሣሪያውን ከጆሮው ከማውለቁ በፊት ሁሉም ተነግሮት ማለቅ አለበት፤ ካወለቀ በኋላ የሚነገር ምክር ለግድግዳ ይነገራል።

ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። በአገራችን መብራት ሲጠፋ ማሽን ሁሉ ይሞታል ብለን ለምደናል። ይህ ግን አይሞትም። የትልልቆቹ መሣሪያዎች መግነጢስ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሽቦ ውስጥ የሚዞር ፍሰት ስለ ሆነ፣ የከተማው መብራት ቢጠፋ፣ ስክሪኑ ቢጨልም፣ ጩኸቱ ዝም ቢል፣ መግነጢሱ እንዳለ ነው። በቋሚ ማግኔት የተሠሩት አነስተኞቹም ከቶ አይጠፉም። በጨለማ ሰውን ለመርዳት መክፈቻና መዶሻ ይዞ የሚገባ ቅን ሠራተኛ፣ ወይም መብራት ጠፍቷል ብሎ መሣሪያውን ከጆሮው ሳያወልቅ ጐብኝቱን የሚጀምር ሰው፣ ሙሉ ኃይል ባለው መግነጢስ ውስጥ መግባቱ ነው።

ካርዱ ከጠፋ መንገድ ፈጽሞ ይዘጋል ማለት አይደለም። ከጆሮ ጀርባ በጣት ቢዳሰስ ከቆዳው ሥር ያለው ክብ እብጠት ይታወቃል፤ የቀዶው ጠባሳም በፀጉር ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ይልቅ የሚረባው ተራ የራጅ ፎቶግራፍ ነው። የተቀበረው መሣሪያ በራጅ በግልጽ ይታያል፤ ቅርጹን የሚያውቅ ሰው ከየትኛው አምራች እንደ ሆነ ይለየዋል፤ አንዳንዶቹም በራጅ የሚነበብ ምልክት በላያቸው አላቸው። ኤም አር አይ በሌለበት ከተማም ራጅ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ሕሙሙን ወደ ሩቅ ከመላክ በፊት በቅርቡ ራሱን በራጅ ማንሣትና ፎቶግራፉን አብሮ መላክ በብዙ ብር የማይገኝ ጥበቃ ነው። ጥያቄው የሚፈለገው ነገር በሲቲ ስካን የሚታይ ከሆነም በዚያው መጨረስ ይቻላል። ሐኪም «ጆሮው ተሠርቷል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ብቻ ሕሙሙን መከልከልም ልክ አይደለም፤ የእርካብ ምትክ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ያለ አደጋ ሊመረመሩ ይችላሉ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ፣ «የአገራችን ገበሬ ወረቀት ተሸክሞ መዞር አያውቅም» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። የስሜንም ሆነ የሌላው ደጋ ሰው ጽሑፍን በገላው ይዞ መኖርን ከማንም በፊት ያውቃል፤ ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ሲታሰር የኖረ ነው፤ ከልጅነት እስከ እርጅና ሳይጠፋ ይቈያል። የደጋ ሴቶችም ከብር የተሠራች የጆሮ ኵክ ማውጫ በአንገታቸው ማንጠልጠል ልማዳቸው ነበር። የሚያዝ ነገር ዋጋው ከታወቀ ይያዛል። የከተማው ካርድ የጠፋው ተሸካሚው ምን እንደ ሆነ ስላልተነገረው ነው።

ወረዳውም ቢሆን መዝገብ አያውቅም ሊባል አይችልም። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ማውጣት ነበር። ከዚህ ኮሌጅ የወጣው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ቤተ ሰቦችን እየተከታተለ ልደትን፣ ሞትንና ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወርን የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አቋቁሟል። ሰው ከቤት ወደ ቤት እየሄደ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ ብሎ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ «በገላው ውስጥ የተተከለ ወይም የቀረ ብረት ያለው ሰው በዚህ ቤት አለ ወይ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ የጆሮው መሣሪያም የወልቀፊት ዓይነት ፍንጣሪም በአንድ ጥያቄ ይያዛሉ።

ካርዱ ራሱ ረዥም መሆን አያስፈልገውም። የመሣሪያው አምራችና የሞዴሉ ቍጥር፤ የተተከለበት ዓመትና ሆስፒታል፤ ቀኝ ጆሮ ወይስ ግራ፤ ማግኔቱ የሚወጣ፣ የማይወጣ ወይስ የሚዞር እንደ ሆነ፤ እስከ ስንት ቴስላ እንደ ተፈቀደ። ይህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሊጻፍና ሦስት ቅጅ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ በተከለው ሆስፒታል፣ አንዱ በሕሙሙ አገር ጤና ጣቢያ፣ አንዱም በራሱ በሕሙሙ እጅ። የሦስተኛው ቅጅ ማሰሪያ ግን ቆዳ ወይም ክር ይሁን፤ ከብረት ሰንሰለት አይንጠልጠል።